በቤት ውስጥ ስለ ፈሰሰ ደም፤ ስለ ይግባኝና ስለ እውነተኛ ምስክርነት

ሰው በጦር ሜዳ ወይም በሽፍታ እጅ ሲሞት ሀገር ያዝናል። ሰው በገዛ ቤቱ፥ ከአንድ መሶብ አብሮት በበላ ሰው እጅ ሲሞት ግን ሀገር ከማዘን አልፎ ግራ ይጋባል። በዚህ ኀዘን ገዳይና ሟች የአንድ ጣራ ሰዎች ናቸውና። ለቅሶ የሚቀመጡት ልጆች የሁለቱም ልጆች ናቸው፤ ትናንት በሰርግ የተዛመዱት ሁለት ወገኖችም ዛሬ አንዱ ደም ፈላጊ፥ ሌላው የደም ባለ ዕዳ ሆነው ይለያያሉ።

እንዲህ ያለ ነገር በደረሰ ጊዜ ፍርድ ቤቱ ነገሩን መርምሮ ተከሳሹን ጥፋተኛ ካለው በኋላ ሌላ ክርክር ይነሣል፤ ይኸውም ይግባኝ ነው። ያን ጊዜ በከተማው ሁለት ዓይነት ቃል ይሰማል። የሟች ወገን «ይግባኝ ማለት የሟችን ደም እንደ ገና ማፍሰስ ነው» ይላል። የተፈረደበት ሰው ወገን ደግሞ «ይግባኝ ካለ ምን ይቸግራል፤ ገንዘብና ምስክር ፈልገን ሰውዬውን እናውጣው» ይላል። ሁለቱም ቃል ስሕተት ነው። ይህ ትምህርት የተጻፈው ስሕተታቸውን ለማሳየትና፥ በዚህ መካከል የጎረቤት፥ የሽማግሌና የዘመድ ሥራ ምን እንደ ሆነ ለመመርመር ነው።

1. ይግባኝ ምንድር ነው?

ይግባኝ ማለት በታችኛው ዳኛ የተፈረደው ነገር በላይኛው ዳኛ ደግሞ ይታይልኝ ብሎ መለመን ነው። የላይኛው ዳኛ አንድ ሰው መሞቱን አይክድም፤ የሟችንም ክብር አያቃልል። እርሱ የሚጠይቀው አራት ነገር ነው። በእርግጥ ተከሳሹ አድርጎታልን? ያደረገው መሆኑስ በበቂ ማስረጃ ተረጋግጧልን? ለሥራው በሕግ የተሰጠው ስም ትክክለኛ ስሙ ነውን? ቅጣቱስ ለጥፋቱ የሚመጥን ነውን?

እንዲህ ያለው ጥያቄ ለእግዚአብሔር ቃል እንግዳ አይደለም። በኦሪት ዘኍልቍ በምዕራፍ 35 ስድስት የመማፀኛ ከተሞች እንዲለዩ ታዝዞ ነበር። ነፍስ የገደለ ሰው ወደዚያ የሚሸሸው ከፍርድ ለማምለጥ ሳይሆን፥ በማኅበሩ ፊት ቆሞ እስኪፈረድ ድረስ ደም መላሹ እንዳያገኘው ነው። በዚያው ምዕራፍ በጥላቻ አድብቶ የገደለና ሳያስብ የገደለ ተለይተዋል፤ በአንድ ምስክር ብቻ ማንም እንዳይሞትም ተከልክሏል፤ ለነፍሰ ገዳይም የነፍስ ዋጋ ተቀብሎ መልቀቅ አልተፈቀደም። እንግዲህ ተመልከት፤ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ለተከሳሹ ምርመራ፥ ለሟችም ደም ክብር ሁለቱም ተሰጥተዋል። ሐዋርያው ጳውሎስም በቂሣርያ በፊስጦስ ፊት በቆመ ጊዜ ይግባኙን ወደ ቄሣር ማለቱን የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 25 ይናገራል። እርሱም ሞት የሚገባው ሥራ ሠርቶ ቢሆን ከሞት እንደማይሸሽ አስቀድሞ ተናገረ። ይግባኝ በእንዲህ ያለ ልብ ሲቀርብ ፍርድን መፈለግ እንጂ ከፍርድ መሸሽ አይደለም።

2. በጥንት ዘመን በሀገራችን እንዴት ነበር?

የሀገራችን ሰው ይግባኝን ከውጭ አልተማረውም። በጥንት ዘመን ሙግት ከአጥቢያ ዳኛ ይጀምርና ወደ ሀገረ ገዢው፥ ከዚያም ወደ አፈ ንጉሡ፥ በመጨረሻም ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ችሎት ይወጣ ነበር። የፍትሐ ነገሥት ሊቃውንትም በችሎቱ ቆመው አንቀጽ ይጠቅሱ ነበር። ደብረ ማርቆስ ራሷ፥ ቀድሞ መንቆረር ስትባል የነበረችው፥ የጎጃም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መቀመጫ ሳለች ብዙ ባለ ጉዳይ «አቤት!» እያለ የጮኸባት ከተማ ናት።

ነገር ግን ያ ሥርዓት ትልቅ ጉድለት ነበረበት። ገዳይ ከተፈረደበት በኋላ ለሟች ዘመዶች ይሰጥ ነበር፤ እነርሱም ከወደዱ የደም ካሳ ይቀበላሉ፥ ካልወደዱ ነፍሱን ይወስዳሉ። በዚህ ሥርዓት ባል ሚስቱን የገደለ እንደ ሆነ፥ ወይም ሚስት ባልዋን የገደለች እንደ ሆነ፥ የነገሩ መጨረሻ በዘመዶች ቍጣና በገንዘባቸው መጠን ይወሰን ነበር። ዘመድ የሌላት ሴት ደም ጠያቂ አልነበረውም።

በ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተጽፎ ወጣ። ጠላት ከሀገር ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ፍርድ ቤቶችን በደረጃ አቆመ። በ1949 ዓ.ም. አዲስ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ታወጀ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ሁሉ ይግባኝ የማለት መብት እንዳለው ደነገገ። እንግዲህ ያ የጥንቱ «አቤት!» የሚለው ጩኸት ዛሬ የእያንዳንዱ ሰው የተጻፈ መብት ሆኗል።

3. የይግባኝ መንገድ

በደብረ ማርቆስ አካባቢ ነፍስ ቢጠፋ፥ ክሱ በዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይታያል። በፍርዱ ቅር የተሰኘ ወገን ወደ ባሕር ዳር፥ ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል። ከዚያም በላይ የሰበር ችሎት አለ፤ ይህ ችሎት ምስክር እንደ ገና አይሰማም፥ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት መኖሩን ብቻ ይመረምራል።

የ1954 ዓ.ም. ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 187 ለዚህ ቀን ቈርጧል፤ ይግባኝ የሚል ሰው ፍርድ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ማስታወቅ፥ የፍርዱንም ግልባጭ በተቀበለ በ30 ቀን ውስጥ የይግባኙን ማመልከቻ ማቅረብ አለበት። ዐቃቤ ሕግም ተከሳሹ በነፃ ቢለቀቅ ወይም ቅጣቱ ቢያንስ ይግባኝ ማለት ይችላል። ስለዚህ ይግባኝ የገዳይ ወገን ብቻ መሣሪያ አይደለም፤ ለሟችም ደም የተከፈተ በር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። በዚያው ሕግ መሠረት፥ ክሱን ሙሉ በሙሉ አምኖ ጥፋተኛ የተባለ ሰው ስለ ቅጣቱ ካልሆነ በቀር ስለ ጥፋተኛነቱ ይግባኝ ማለት አይችልም። በሀገራችን ደግሞ ሰው ከኀዘኑ ወይም ከኵራቱ የተነሣ በችሎት ፊት «አዎን፥ ገድያለሁ» ብሎ ዝም ማለት ይቀናዋል። «ገድያለሁ» ማለትና «እንደ ተከሰስሁት አስቤበትና ጨክኜ ገድያለሁ» ማለት ግን አንድ አይደለም። ማመን መልካም ነው፤ ሆኖም እምነት ሙሉ መሆን አለበት። ያደረገውን የሚናገር ሰው እንዴትና ስለ ምን እንዳደረገውም ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይናገር።

4. አንድ ሬሳ፥ ሦስት ስም

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አስቦ ነፍስ ማጥፋትን በሦስት ይከፍለዋል። አንቀጽ 539 ከባድ የግፍ አገዳደል ነው፤ ይህም አስቀድሞ በማቀድ ወይም በልዩ ጭካኔ የተሠራ ሲሆን፥ ቅጣቱ የዕድሜ ልክ ፅኑ እስራት ወይም ሞት ነው። አንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያ ነው፤ ቅጣቱም ከ5 እስከ 20 ዓመት ፅኑ እስራት ነው። አንቀጽ 541 ቀላል የሰው ግድያ ነው፤ ይህም ራሱን ሲከላከል ከልክ ያለፈ፥ ወይም ከባድ በሆነ ማነሣሣት፥ በድንገተኛ ድንጋጤ ወይም ሁኔታው ሊያስረዳው በሚችል ብርቱ የስሜት መነዋወጥ የገደለ ሰው የሚጠየቅበት ነው። ቅጣቱም ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ነው። በአንቀጽ 78 መሠረት በሚገባ ራሱን የተከላከለ ግን ከቶ አይቀጣም።

እንግዲህ ለማስረዳት ያህል አንድ ቤት እናስብ። ከደብረ ማርቆስ ጥቂት ወጣ ባለ ቀበሌ ሌሊት ጩኸት ተሰማ፤ ጎረቤት ሲደርስ ባል ሞቶ ሚስት ቢላዋ ይዛ ተገኘች። ሬሳው አንድ ነው፥ ቢላዋውም አንድ ነው። ነገር ግን ሴትዮዋ ርስቱን ፈልጋ ቢላዋውን ስታዘጋጅ ሰንብታ እንደ ሆነ የሥራዋ ስም 539 ነው። አንገቷን አንቆ ሲገድላት እጇ ያገኘውን አንሥታ እንደ ሆነ ስሙ ራስን መከላከል ነው። በእነዚህ መካከል ሌሎቹ ሁለቱ ስሞች አሉ። ከነፃነት እስከ ሞት ያለው ርቀት ሁሉ የሚለካው በቢላዋው ሳይሆን፥ ከዚያ ሌሊት በፊትና በዚያ ሌሊት በሆነው ነገር ነው። ያንንስ ማን ያውቃል? ጎረቤት ያውቃል፤ ሽማግሌ ያውቃል፤ የነፍስ አባት ያውቃል።

ይህ ለባልም እንዲሁ ነው። ሚስቱን የገደለ ባል «ንዴት አሳወረኝ» ቢል፥ ንዴቱ ስለ ተናገረ ብቻ ቀላል ግድያ አይሆንለትም። ሕጉ ማነሣሣቱ ከባድ፥ ስሜቱም ሊታዘንለት የሚችል እንዲሆን ይጠይቃል። ያልተረጋገጠ ጥርጣሬ፥ የወጥ መጓደል፥ የመጠጥ ግልፍታ ለነፍስ ዋጋ ሊሆኑ አይገባም። ለዓመታት ሲደበድባት የኖረ መሆኑ በምስክር ከተገለጠ ደግሞ፥ «ድንገት» የሚለው ቃሉ ራሱ ይወድቃል።

5. የአበራሽ በቀለ ነገር

ይህ ሁሉ በምሳሌ ብቻ እንዳይቀር፥ በሀገራችን የሆነውን እንመልከት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 በአርሲ አበራሽ በቀለ የምትባል የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ ተወሰደች፥ ተደፈረችም። ጠላፊዋ ሊያገባት ያስብ ነበር። እርሷ ግን የእርሱን ጠመንጃ ይዛ አመለጠች፤ ሲከተሏትም ተኵሳ ገደለችው። በነፍስ ግድያም ተከሰሰች።

በዚያ ዘመን ይሠራበት የነበረው የ1949ኙ ሕግ ጠላፊው ከተጠለፈችው ጋር በሕግ ከተጋባ ከክስ ነፃ ያደርገው ነበር። የአካባቢው ልማድም ጠለፋን የጋብቻ አንድ መንገድ አድርጎ ይቈጥር ነበር። ስለዚህ በብዙዎች ዓይን የሞተው ወንጀለኛ ሳይሆን «ባል» ነበር። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳይዋን ይዞ ተከራከረላት፤ ከረጅም ክርክርም በኋላ ራሷን መከላከሏ ታምኖላት በነፃ ተለቀቀች። ይህ ታሪክ በ2014 እንደ እነርሱ አቆጣጠር «ድፍረት» በሚባል ፊልም ለዓለም ታየ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ጋብቻ ጠላፊን ከቅጣት እንዳያድን ደነገገ።

አንባቢ ሆይ፤ በዚህ ነገር የሰውዬው መሞት አልተካደም፤ ጥይቱን ማን እንደ ተኰሰም አልተካደም። ፍርዱን የለወጠው ከጥይቱ በፊት የነበረው ነገር ሙሉ ሆኖ በዳኛ ፊት መቅረቡ ነው። ሆኖም ፍርድ ቤት ነፃ ያወጣትን ልጅ የሀገሯ ሰው በቶሎ አልተቀበላትም፤ ከትውልድ መንደሯ ርቃ ለመኖር ተገደደች። ዳኛ የፈታውን ጎረቤት እንደ ገና ሊያስር ይችላልና፥ ይህን በኀዘን እናስብ።

6. የኪራንጂት አህሉዋሊያ ይግባኝ

አበራሽ በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ነፃ ወጣች። የመጀመሪያው ፍርድ የጐደለው ሲሆን ይግባኝ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ግን ከሀገራችን ውጭ የታወቀውን አንድ ነገር እንጨምር። ኪራንጂት አህሉዋሊያ በሕንድ ሀገር ተወልዳ፥ ከተዳረች በኋላ ወደ እንግሊዝ የሄደች ሴት ነበረች። ለዐሥር ዓመት ያህል ባልዋ ይደበድባት ነበር። ሁለት ጊዜ ከፍርድ ቤት የእገዳ ትእዛዝ አወጣችበት፥ እርሱ ግን አልተወም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በግንቦት ወር 1989 አንድ ምሽት በጋለ የልብስ መተኰሻ አቃጠላት። በዚያው ሌሊት እርሱ ከተኛ በኋላ አልጋው ላይ ቤንዚን አፍስሳ እሳት ለኰሰች፤ ባልዋም ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተ።

በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በልዊስ ከተማ ችሎት በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ ተብላ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። በዚያ ችሎት ራሷ ቃሏን አልሰጠችም፤ ስለ አእምሮዋም ሁኔታ የሐኪም ምስክር አልቀረበም። ሳውዝሆል ብላክ ሲስተርስ የሚባል የሴቶች ማኅበር ነገሩን አንሥቶ ይግባኝ ቀረበ። በሐምሌ 31 ቀን 1992 የእንግሊዝ ዋና ዳኛ ሎርድ ቴይለርና ባልደረቦቻቸው ፍርዱን ሻሩት። የሻሩት ግን «በንዴት ተነሣሥታ ነበር» የሚለውን ክርክር ተቀብለው አይደለም፤ ያንን አልተቀበሉትም። የሻሩት፥ በጽኑ የመንፈስ ጭንቀት ኀላፊነቷ ተቀንሶ እንደ ነበረ የሚያሳይ የሐኪም ማስረጃ በመጀመሪያው ችሎት ሳይታይ ስለ ቀረ ነው። ነገሩ እንደ ገና እንዲታይ ታዘዘ፤ በመስከረም ወርም ከነፍስ ግድያ ያነሰውን ጥፋት አምና፥ ቀድሞ የታሰረችው 3 ዓመት ከ4 ወር ቅጣት ሆኖ ተቈጠረላትና ወጣች። ከዚያ በኋላም የእንግሊዝ ሕግ ተሻሻለ፤ ከ2010 ጀምሮ ራስን መቈጣጠር ማጣት የግድ ድንገተኛ መሆን አለበት መባሉ ቀረ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ፊተኛው፥ ይግባኙ «አልገደለችም» አላለም፤ በእሳት የሞተው ሰው ነፍስ እንደ ከንቱ አልተቈጠረችም፥ እርሷም ጥፋተኛ መሆንዋ አልቀረም። የተለወጠው የጥፋቷ ስም ነው። ሁለተኛው፥ ስሟን ያበላሸው የዳኞች ክፋት ሳይሆን ሳይነገር የቀረ እውነት ነው። ከሦስት ዓመት በላይ በእስር የከፈለችው ሌሎች ሊያቀርቡት ይገባ ለነበረው ማስረጃም ጭምር ነው። በሀገራችንም ሕግ ይህን የሚመስል አንቀጽ አለ፤ በአንቀጽ 49 መሠረት በአእምሮ መታወክ ኀላፊነቱ የተቀነሰ ሰው ቅጣቱ ይቃለልለታል። የይግባኝ ፍርድ ቤትም አስፈላጊ ሆኖ ካገኘው ተጨማሪ ማስረጃ ሊያዝ ይችላል።

7. እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ?

ለጎረቤት። እኛ «የሰው ገመና ነው» እያልን ዝም የምንልበት ጩኸት ነገ በችሎት የሚፈለግ ማስረጃ ነው። ከዚያም በፊት ነፍስ የሚያድን ደወል ነው። ግፍ ሲሠራ የሰማህ እንደ ሆነ ግባ፥ ገላግል፥ ለፖሊስም አስታውቅ። ከሞት በኋላ ከሚነገር መቶ ቃል በፊት የተነገረ አንድ ቃል ይበልጣል።

ለሽማግሌ። ባልና ሚስትን ማስታረቅ የተባረከ ሥራ ነው። ነገር ግን ተደብድባ የመጣችውን ሴት በጉልበት ስመን አስታርቀን ወደዚያው ቤት መመለስ፥ ሦስተኛና አራተኛ ጊዜ ሲደገም፥ እርቅ መባሉ ይቀርና ነገሩን መሸፈን ይሆናል። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጕዳት እንደ ማንኛውም የአካል ጕዳት እንዲያስቀጣ ደንግጓል። እርቁ ቢጸና እንኳ የቆሰለው ቍስል ለሐኪም ይታይ፥ በመዝገብም ይጻፍ።

ለሟች ዘመድ። ደም መላሽነት በጎጃም ብዙ ቤት ያፈረሰ ዕዳ ነው። በቤት ውስጥ በፈሰሰ ደም ላይ ሲጨመር ደግሞ የሚበቀለው አጎት የእኅቱን ልጆች አባት ይገድልና ልጆቹን ሁለት ጊዜ የሙት ልጆች ያደርጋቸዋል። ይግባኙ እስኪያልቅ ታገሥ፤ የምታውቀውን ለዐቃቤ ሕግ ንገር፤ ከተፈረደው ፍርድ ውጭ ሌላ ደም አትፈልግ።

ለተፈረደበት ሰው ዘመድ። ጠበቃ ፈልግ፤ ቀኑ እንዳያልፍ የፍርዱን ግልባጭ ቶሎ አስወጣ፤ እውነተኛ ምስክር ካለህ ከሩቅም ቢሆን አምጣ። ሐሰተኛ ምስክር ግን አትግዛ። በሐሰት የተገዛ ምስክር የተገኘ እንደ ሆነ፥ እውነተኛውንም ማስረጃ አብሮ ያስጥላል፤ ወገንህንም በዳኛ ብቻ ሳይሆን በእግዚአብሔር ፊት ባለ ዕዳ ታደርገዋለህ።

ለምስክር። ዳኛ የልብ መርማሪ አይደለም፤ የሚፈርደው በፊቱ በተነገረው ነው። ለሟች አዝነህ አትጨምር፥ ለእስረኛው አዝነህ አትቀንስ። ያየኸውን አየሁ፥ የሰማኸውን ሰማሁ፥ ያላወቅኸውን አላወቅሁም በል። ባሕር ዳር የሚቀመጠው የይግባኝ ዳኛ በደብረ ማርቆስ የተናገርኸውን ቃል ከወረቀት ያነበዋል፤ አንዲት ነፍስም በዚያች ወረቀት ላይ ትንጠለጠላለች።

ለመመርመሪያ የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 35 ለተከሳሹና ለሟቹ የተሰጠው ፍርድ እንዴት አንድ ላይ ሊቆም ቻለ?

2. «ገድያለሁ» በማለትና «በክሱ ጥፋተኛ ነኝ» በማለት መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው?

3. በኪራንጂት አህሉዋሊያ ይግባኝ የተለወጠው ምንድር ነው? ያልተለወጠውስ?

4. አበራሽ በቀለን ፍርድ ቤት ነፃ ሲያወጣት መንደሯ ያልተቀበላት ስለ ምን ነው? እኛ ብንሆን ምን እናደርግ ነበር?

5. በጎረቤትህ ቤት የሰማኸውና እስከ ዛሬ ለማንም ያልነገርኸው ጩኸት አለን? ነገ ነፍስ ቢጠፋ፥ ዳኛው «ምን ታውቅ ነበር?» ብሎ ሲጠይቅህ ምን ትመልሳለህ?

ይህን የመጨረሻ ጥያቄ፥ አንባቢ ሆይ፥ ለሌላ ሰው ከማንበብህ በፊት ለራስህ አንብበው። መልሱንም ዳኛ ሳይጠራህ፥ ቤቱም ሳይፈርስ፥ ዛሬ ፈጽመው።